አባቴ የጸለየላቸው ማሽኖች

በእኛ ሰፈር አዲስ ማሽን የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ለመካኒክ ሳይሆን ለአባቴ ነው። ባጃጅ፣ ወፍጮ፣ ጄኔሬተር፣ የስፌት መኪና፣ ፍሪጅ፣ ላፕቶፕ፣ ብቻ በነዳጅ ወይም በመብራት የሚሠራ ነገር ሁሉ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ይቆማል። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እጁን ይታጠባል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ በማሽኑ ላይ እጁን ጭኖ ይጸልያል።

ጸሎቱ አጭር አይደለም። ለሞተሩ፣ ለፍሬኑ፣ ለጎማው፣ ለሚነዳው፣ ለሚሳፈረው እያለ አንድ በአንድ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለባጃጅ ሲጸልይ የትራፊክ ፖሊሱንም ልብ እንዲያራራ ሲለምን ሰምቼ፣ ዓይኔን ገልጬ ሳቅኩ። ባለባጃጁ ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሜን!» ያለው እዚያች ጋ ነው።

እኔ ደግሞ የማሽን ሰው ነኝ። ቀን ቀን የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ከሥራ ስወጣ በቤተ ክርስቲያናችን የሚዲያ ክፍል አገለግላለሁ። የእሁዱ አምልኮ በቀጥታ የሚተላለፈው በእኔ እጅ ነው። ስርጭቱ ሲቆረጥ ምእመኑ «ጠላት ነው» ይላል፣ እኔ «ኬብሉ ነው» እላለሁ። ድምጽ ማጉያው ሲጮህ ሰይጣን ይገሠጻል። እኔ ጎንበስ ብዬ ገመዱን ነቅዬ እሰካዋለሁ፣ ጸጥ ሲል ምስጋናው ወደ ላይ ይሄዳል። ቅር አይለኝም። ትንሽ ብቻ ይለኛል።

ከአባቴ ጋር በዚህ ነገር ስንቀላለድ ነው የኖርነው። «አንተ ጸልየህበት የተበላሸውን እኔ እጠግናለሁ» ስለው፣ «አንቺ ጠግነሽው የማይሠራውን እኔ እጸልይለታለሁ» ይለኛል። ቀልድ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ለእሱ ያ እጅ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እጁ አልነሳም ያለ ቀን ነው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ውስጥ ሳር ያጭድ ነበር። ሳሩ ሲረዝም ወፍ ይሰበስባል፣ ወፍ ደግሞ ለአውሮፕላን አይበጅም። ተወልዶ ያደገው ጨንቻ፣ ደጋው ላይ ስለሆነ ማጭድ ሲይዝ ያምርበታል። በዚህ ሥራው ላይ እያለ ነው የውጭ ወታደሮች የመጡት።

ማን እንደጠራቸው፣ እስከ መቼ እንደሚቆዩ እኛን ያማከረን የለም። ከተማው ግን እንደገባው ተረጎመው። ከጫሞ ሐይቅ አሳ የሚያመጡት «ገበያ ሊደራ ነው» አሉ። አልደራም፣ የሰዎቹ ምግብ በሳጥን ታሽጎ ነበር የሚመጣው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን «ጌታ ከተማችንን ሊጎበኛት ነው» ተብሎ ምስጋና ቀረበ። ክፉ አስቦ ያመሰገነ አልነበረም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በረከት ይዞ ይመጣል ብለን ነው ያደግነው።

አውሮፕላኖቻቸው ግራጫ ነበሩ። ክንፋቸው ቀጭንና ረጅም ነው፣ መስኮት የላቸውም። አባቴ አንዱን የጥበቃ ሠራተኛ «ፓይለቱ የት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ ጠየቀ። «ፓይለት የለውም። ሩቅ አገር ቁጭ ብሎ በስክሪን የሚነዳው ሰው አለ» አለው።

ያን ቀን ማታ የበቆሎ ኩርኩፋና የሽፈራው ቅጠል ለራት ቀርቦ አባቴ መብላት አቃተው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ያኔ በሕይወት ነበረች። «ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ሰው የለበትም» አላት። «ለአውቶብስ እንኳ ስጸልይ ሾፌሩ ውስጥ ሆኖ አሜን ይላል። ለዚያ ማን አሜን ይላል?»

አዘነለት። ለማሽን ማዘን ከአባቴ በቀር በማን አየሁ? ከማግስቱ ጀምሮ አውሮፕላኑ ለመነሳት ሲያጓራ ማጭዱን መሬት ያስቀምጥና፣ ከሳሩ መሃል ቀና ብሎ እጁን ይዘረጋል። የሚለው በጋሞኛ ነው። ሳሮ የምትል ቃል አለችን፣ ሰላምም ናት፣ ጤናም ናት፣ ሰው ስናገኝ የምንለውም እሷኑ ነው። ለአውሮፕላኑ የሚላት አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፦ በሰላም ሂድ፣ በሰላም ተመለስ።

አንድ ጠዋት ከወታደሮቹ አንዱ በአጥሩ ወዲያ ሆኖ አየው። ፀጉሩ ቀይ፣ ዕድሜው ገና የሆነ ልጅ ነው አለ አባቴ። ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ፣ አባቴ እስኪጨርስም ቀና አላለም። ይህን ታሪክ አባቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይነግር ነበር። «ያልኩትን አንዲት ቃል አልሰማም፣ አሜን ግን አለ» እያለ።

አውሮፕላኖቹ ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ያያሉ» የሚል ነበር። ወደ ሶማሊያ ይበርራሉ፣ ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ከማየት ሌላ የሚሠሩት ይኑር አይኑር እኛ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም፣ ዛሬም የለንም። ከዚያ አንድ ጊዜ እንደ አመጣጣቸው ምንም ሳይሉ ሄዱ። አባቴም ጡረታ ወጣ፣ ማጭዱም በር ኋላ ተሰቀለ።

አሁን ስለ ሐጂ ልናገር። ሐጂ የስልጤ ሰው ነው፣ ጎረቤታችን ነው፣ ስልክ ይሸጣል፣ ስልክ ይጠግናል። የሱቁ ጓሮና የእኛ ግቢ የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ አጥር ነው፣ ከኛ ቀጥሎ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። እሁድ በአምልኮ ሰዓት ሐጂ የሱቁን ማጉያ ይዘጋል። ዓርብ በስግደት ሰዓት የእኛ መዘምራን ልምምድ አያደርጉም። ስብሰባ ተቀምጠን የተስማማንበት ነገር አይደለም፣ እንዲሁ ሆኖ የኖረ ነው። ሐጂ ጠግኖ ያቃተውን ስልክ ለባለቤቱ ሲመልስ «ከዚህ በላይ የጋሼ ሥራ ነው» ብሎ ወደ አባቴ ይጠቁማል። አንዳንዱ ከምሩ ይዞት ይመጣል።

የሐጂ እህት ሻንጣዋን ይዛ ከሶማሊያ የመጣችው በቅርቡ ነው። ባሏ ሶማሊያ ውስጥ በጭነት መኪና ሸቀጥ ሲያመላልስ የኖረ፣ እዚያው የሞተ ሰው ነው ተባልን። በምን እንደሞተ አልጠየቅንም። ሞት ምክንያት አያጣም ብለን ተውነው። አባቴ በአማርኛ ሲያወራ ሴትና ወንድ ይምታታበታል፣ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ «ሐጂ፣ እህትህ ደህና ነው?» ይላል። ሐጂም ሳያርመው «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይለዋል።

ዝምተኛ ሴት ናት። እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገሯ ነበር፦ ግቢው መሃል አትቆምም። ከጓዳ ወደ ሱቅ ስትሄድ ግድግዳ ግድግዳውን ነው። ልብስ እንኳ የምታሰጣው በረንዳ ሥር ነው፣ የአርባ ምንጭ ፀሐይ በነፃ እያለች! ያልደረቀ ልብስ ሲሸት አጥር ተሻግሮ ይመጣ ነበርና፣ በሆዴ «ይህቺ ሴት ምን ነካት?» ብያለሁ። ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ለዓመታዊው ኮንፈረንስ ስንዘጋጅ ከምእመናን የአንዱ ልጅ ከውጭ አገር ድሮን አመጣልን፣ ካሜራ ያላት ትንሽ ነገር። ፈቃዱን ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ከረምን፣ በመጨረሻ ተገኘ። እንዴት እንደጓጓሁ አልደብቅም። ትልልቆቹ የአዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያናት ከሰማይ የተነሳ ምስል ይለቃሉ፣ የእኛ ስርጭት ግን ዘላለም ከፓስተሩ ትከሻ በላይ ወጥቶ አያውቅም። እሁድ በጉባኤ ፊት አባቴ ሊጸልይባት ቀጠሮ ተያዘ። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ልሞክራት ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስነሳኋት።

ተነሳች። እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመች ከማንጎው በላይ ወጣች። ስክሪኑ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያው ሁሉ ሲያበራ፣ ወዲያ ማዶ ሐይቁ ሲታይ ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ሳቅኩ። ዞር ሳደርጋት የእኛ ግቢ መጣ፣ ከዚያ የሐጂ ጓሮ። እህቱ በረንዳው ጫፍ ላይ ልብስ ታጥባለች። ቀና አለች፣ ፊቷን በስክሪኑ ላይ በደንብ አየሁት። ከዚያ ሴትዮዋ ከስክሪኑ ጠፋች። ወዲያው የሐጂን ጩኸት ሰማሁ።

መቆጣጠሪያውን እንደያዝኩ እየሮጥኩ ሄድኩ። አባቴም ከቤት ወጥቶ ተከተለኝ። የሐጂ የጥገና ጠረጴዛ ባዶ ነው። ደንበኛ ለጥገና የሰጠው፣ ለሽያጭ የተደረደረው፣ የሐጂ የራሱም ሳይቀር፣ ስልኩ ሁሉ በሳሙናው ውኃ ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ሰጥሟል። ሴትዮዋ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ጉልበቷን አቅፋለች። «አጥፉት፣ አጥፉት፣ በስልክ ነው የሚመጣው» ትላለች።

ንዴት ቀደመኝ። «ምን ማድረጓ ነው? የሰው ንብረት እኮ ነው!» አልኩ።

ሐጂ ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር። «ዝም በይ ልጄ» አለኝ። «መጀመሪያ ያንን ነገር አውርጂው።»

ለካ ድሮኗ ገና ከራሳችን በላይ እያጉረመረመች ነው። ረስቻታለሁ። መልሼ አወረድኳት።

ከዚያ ሦስታችን የሐጂ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስልኮቹን እየፈታን፣ ባትሪ እያወጣን፣ እንደ በርበሬ በሰፌድ አሰጣናቸው። ሐጂ ጎንበስ እንዳለ ነው የነገረን። የእህቱ ባል ሽንኩርትና ስኳር ጭኖ እየነዳ ነበር። ቤቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ምሳ ደርሷል ብላ ደወለችለት። እያወሩ ሳለ ያንን የንብ ድምጽ ሰማች፣ በቤቷ በላይ አለፈ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

«ስልክ ተከትሎ ነው የሚመጣው አሏት፣ የሰፈሩ ሰዎች» አለ ሐጂ። «እውነት ይሁን ውሸት አላህ ነው የሚያውቀው። እሷ ግን እኔ ደውዬ ነው ያስገደልኩት ትላለች። ስልክ ሻጭ ወንድም ቤት መጥታ ስልክ ነክታ አታውቅም።»

አባቴ አንድ የተፈታ ስልክ በእጁ እንደያዘ «መቼ ነው?» አለ።

ሐጂ ከስልኮቹ ቀና አለ። «ያኔ ነው፣ ጋሼ። የውጭ ሰዎቹ እዚህ እያሉ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? የእነሱ ይሁን የሌላ፣ ከዚህ የተነሳ ይሁን ከሌላ ቦታ ማን ያውቃል? ሰማይ ላይ ታርጋ የለም። ደግሞስ ጋሼ፣ እርስዎ ሳር ነው ያጨዱት። ሳር ያጨደ ሰው ምን አደረገ?»

አባቴ ስልኩን ሰፌዱ ላይ አስቀመጠና ወደ ቤት ሄደ። ሐጂ ሳሩን እንጂ ጸሎቱን አያውቅም ነበር። ያንን የወታደሩን ታሪክ አባቴ ለዓለሙ ሁሉ ሲተርክ፣ ለሐጂ ሳይነግረው የቀረው እንዲያው አጋጣሚ ሆኖ ነው። ወይም ሐጂ የወታደር ወሬ ስለማይወድ ይሆናል።

እሁድ ጉባኤው ሞልቷል። ድሮኗን ነጭ የዶርዜ ጋቢ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናት። ካሜራዬ ቀጥታ እያስተላለፈ ነው። ፓስተሩ አባቴን ጠራው። ወጣ፣ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። ሕዝቡ ዓይኑን ጨፈነ። አባቴ ግን እጁን አላነሳም። ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ሆዱ ውስጥ ምን አለ?» አለኝ።

ሰዉ ዓይኑን ገለጠ። ፊቴ ጋለ። «ካሜራ ነው፣ አባዬ።»

«ሌላስ?»

«ባትሪ።»

«ማንን ነው የሚያየው?»

«እኛን። ኮንፈረንሱን።»

«የሐጂንስ ግቢ?»

ምን ልበል? ፊቷን አይቻለሁ። «ያያል» አልኩ።

«እንግዲያስ አልችልም» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። በስልኬ ስርጭቱን ስመለከት፣ ያልገባው ተመልካች ከየአገሩ «አሜን፣ አሜን፣ ጌታ ይባርክህ አባታችን» እያለ ይጽፋል። ፓስተሩ ብልህ ሰው ነውና ዘማሪዎቹን አስነሳ፣ ነገሩ በመዝሙር ተሸፈነ።

ቤት እንደገባን ፈነዳሁ። «በሕዝብ ፊት ነው ያዋረድከኝ! ስንት ወር የለፋሁበትን! ያቺ አሻንጉሊት ማንን ትገድላለች?» ማለት የሌለብኝን ሁሉ አልኩ። አባቴ ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ያኔ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም» አለኝ። «በሰላም ተመለስ ብቻ አልኩ። ከፊቴ የተነሳው ሁሉ ተመለሰ። አንድም የቀረ አላየሁም።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ጸሎት እኮ ጥይት አይደለም። አንተ አልክ አላልክ አውሮፕላኑ ይመለስ ነበር። ሞተር ነው፣ በኮምፒውተር ነው የሚሄደው።»

«እሺ» አለ። «ጸሎቴ ምንም የማያደርግ ከሆነ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ ነበር?»

እንደ እኔ ሐሳብ ከሆነ እጁ ባዶ ነው፣ እንደ እሱ ሐሳብ ከሆነ እጁ ደም አለበት። በሁለቱ መሃል የሚቆምበት ቦታ ላጣሁለት አባቴ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፣ እንደ ሕፃን ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ እንጂ።

ከዚያ ወዲያ መጸለይ ተወ። አዲስ ባጃጅ የገዛ መጣ፣ «አሞታል» ብዬ መለስኩት። የወፍጮ ባለቤት መጣ፣ መለስኩት። ለምግብ እንኳ ጸልይ ሲባል ወደ እኔ ይጠቁማል። ከአጥሩ ላይም «እህትህ ደህና ነው?» የሚለው ድምጽ ቀረ። ሐጂ ግራ ገብቶት «ጋሼን ምን አስቀየምኩት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የምናገረው ነገር ስላልሆነ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

አንድ ጠዋት አባቴ ኮቱን ለብሶ «ባጃጅ ጥሪልኝ» አለኝ። «ወዴት?» ብለው «አውሮፕላን ማረፊያ» አለ። አብሬው ሄድኩ። ወደ ውስጥ አልገባም። በአጥሩ በዚህ በኩል፣ መንገድ ዳር ወረደና ጎንበስ ብሎ እርጥብ ሳር ይነቅል ጀመር። ማጭድ አልያዘም፣ በእጁ ነው።

ያኔ ገባኝ። በእኛ በጋሞ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ነገር ይቆማል። በሰው ላይ ሊዘምት የወጣ ጎበዝ እንኳ ሳሩን ረግጦ አያልፍም። የበደለም ይቅርታ ሲለምን በሳር ነው። ግን አባቴ ወንጌልን ከተቀበለ ጀምሮ ሳር የሚይዘው ለማጨድ ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ «ያ የድሮ ነገር ነው» ይባላል፣ ከሚሉትም አንዱ እሱ ራሱ ነበር።

በሐጂ የጓሮ በር ገባን። አባቴ በረንዳው ፊት፣ ፀሐይ ላይ፣ ሳሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ተንበረከከ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሐጂ ከሱቅ ብቅ ብሎ ሲያየው «ጋሼ! ምን ሆነዋል? ይነሱ እንጂ!» ብሎ ሊያነሳው ሮጠ። ከዚያ ሳሩን አየ። ሐጂ አርባ ምንጭ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣ ሳር ምን እንደሆነ ያውቃል። ባለበት ቆመና ቆቡን አወለቀ።

«አንተን አይደለም» አለው አባቴ። «እህትህን ነው።»

ወጣች። በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ጥላው የሚያልቅበት ቦታ ቆመች። ስለ ሳሩ የምታውቀው ነገር የለም። ሐጂ በስልጥኛ ነገራት፣ ዓይኗን ከአባቴ ላይ ሳትነቅል ሰማችው።

አባቴ ያችን አማርኛውን እንደምንም አሰባስቦ ተናገረ። «እኔ ሳር ብቻ አይደለም ያጨድኩት። ያቺ አውሮፕላን ሲነሳ እጄን አንስቼ እጸልይ ነበር። የእናንተን ሰው ያገኘው እሷ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሁሉንም ነው የጸለይኩለት።»

ሐጂ ፊቱን አዞረ። ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ ሳሩ አወረደች። ከዚያ «ምን ብለው ነበር የሚጸልዩት?» አለችው።

«በሰላም ሂድ፣ በሰላም ተመለስ።»

«እኔም ጠዋት ጠዋት እሱን ስሸኘው እንዲሁ ነበር የምለው» አለች። ድምጿ አልተለወጠም። «የእርስዎ ተመለሰ።»

ይቅር ብያለሁ አላለችም፣ አልበደሉኝም አላለችም። አባቴ ሳሩን እንደያዘ ቀረ። እሷ አንድ እግሯን ወደ ፀሐዩ አወጣች፣ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ ሌላውንም እግሯን አወጣች። መጥታ ሳሩን ከእጁ ተቀበለችው። የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ትንሽ ቆመችና ይዛው ገባች።

ድሮኗ ካርቶኗ ውስጥ ናት። ኮንፈረንሱን ግንባታው ያላለቀ ፎቅ ላይ ወጥቼ ቀረጽኩት፣ ምስሉም ደህና ነበር። ፓስተሩ ከሐጂ ቤት ሄዶ ተነጋግሮ፣ በሰፈሩ ላይ እንዳትበርር ተስማሙ። እልሁ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፣ ውሸት መናገር አልወድም። አባቴም ሳሩ ከተወሰደለት በኋላ ወደ ጸሎት ይመለሳል ብዬ ነበር። አልተመለሰም። ባጃጆቹን መመለሴን ቀጠልኩ።

ባለፈው ሰሞን ሐጂ ዕቃ ሊያመጣ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነሳ። ጠዋት መናኸሪያ የሚያደርሰው ባጃጅ ከሱቁ ፊት ቆሟል። እኔና አባቴ ቁርስ ላይ ነን። የግቢያችን በር ተንኳኳና የሐጂ እህት ገባች። በግድግዳው ጥግ አልመጣችም፣ በግቢው መሃል ነው የመጣችው፣ ፈጠን ፈጠን ብላ።

«ወንድሜ መንገደኛ ነው» አለችው አባቴን። «ዱዓ ያድርጉለት።»

አባቴ እጁን አየ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ትቻለሁ። አንቺ ብትይለት ነው የሚሻለው።»

«የእኔ አልተሰማም» አለች። «የእርስዎ ይሰማል።»

አባቴ ቁርሱን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ተነሳና እጁን ታጠበ፣ ኮቱንም እንድሰጠው ጠቆመኝ። ሦስታችን ወጣን። ሐጂ ባጃጁ ውስጥ ሻንጣውን አቅፎ ተቀምጧል። አባቴ ሞተሩንም ጎማውንም አልነካም። በጎን እጁን አስገብቶ በሐጂ ትከሻ ላይ ጫነ።

«በሰላም ሂድ» አለ። ሁለተኛውን ሊል አፉን ከፈተ፣ ድምጽ ግን አልወጣውም።

«በሰላም ተመለስ» አለች እሷ።

ሐጂ ውስጥ ሆኖ «አሚን» አለ።